የዕለት ግጥም ስለ ምን ይናቃል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። ዳሩ ግን ምሳሌን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በምሳሌው መሥራት ሌላ ነው። በቃል ሲሰማ ሁሉም የሚያደንቀው፣ በጽሕፈት ሊቀመጥ ሲገባው ግን ሁሉም ፊቱን የሚያዞርበት አንድ የድርሰት ወገን አለ። በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሱ ልንከራከር ተነሥተናል፤ ስሙንም የዕለት ግጥም ብለነዋል።

የዕለት ግጥም ማለታችን ስለ አንድ የታወቀ ቀን፣ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ወይም ስለ አንድ የታወቀ ሥራ ተብሎ የተገጠመውን ነው። ሊቁ በክብረ በዓል ማኅሌት የሚቀኘው ቅኔ፣ አልቃሽ በሬሳው ፊት የምታወርደው ሙሾ፣ አዝማሪ በሰርግ ቤት ለሙሽራው የሚያወጣው ግጥም፣ አርበኛ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ያሰማው ፉከራ፣ ልጆች በቡሄ ማታ የቤቱን ጌታ በስሙ እየጠሩ የሚጨፍሩት ሆያ ሆዬ፣ ተማሪ በትምህርት ቤቱ በዓል ቆሞ የሚያነበው ምስጋና፣ ይህ ሁሉ የዕለት ግጥም ነው። ከአንበሳሜ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ጋይንት ድረስ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በየደረሰበት ደብርና በየደረሰበት ድግስ ይህን ሀብት ሳይሰማ አያልፍም። ሰምቶ ግን ተጽፎ የሚያገኘው ከስንት አንድ ነው።

ይህን የድርሰት ወገን የሚነቅፉት ከመጽሐፍ የራቁ ሰዎች አይደሉም፤ ይልቁንም አንባብያን ነን የሚሉት ናቸው። ክርክራቸውም በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛ፣ የዕለት ግጥም ከዕለቱ ጋራ ስለ ተወለደ ከዕለቱ ጋራ ይሞታል፤ እውነተኛ ግጥም ግን ዘመን አይወስነውም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጌታን ለማስደሰትና ሽልማት ለመቀበል የሚደረደር ውዳሴ ከንቱ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ቅኔና ሙሾ የአፍ ሀብት ናቸውና በማተሚያ ቤት ሲያልፉ ነፍሳቸው ትወጣለች ይላሉ። ሦስቱንም በየተራው እንመልሳለን።

ለመጀመሪያው ነቀፋ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የዕለት ግጥም ተንቆ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የአማርኛን ጽሕፈት ልደት ባላወቅነውም ነበር። እስከ ዛሬ ከታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ሆነው የሚቈጠሩት፣ ለዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.)፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተገጠሙት የነገሥታት ግጥሞች ናቸው። እነዚህም የድል ምስጋናና የንጉሥ ውዳሴ እንጂ ሌላ አይደሉም። በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከተጠበቀ ብራና ላይ ኢጣልያዊው ሊቅ ኢኛስዮ ጒይዲ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳተማቸው። የታሪክ ጸሐፊዎችና የቋንቋ መርማሪዎች ከዚያ ወዲህ ከእነርሱ ላይ ሲቀዱ ኖረዋል። ለዐፄ ይስሐቅ የተባለው ግጥም በጊዜው የሚገብሩትን አገሮች በስም ይዘረዝራል፤ የሶማሌም ስም በጽሑፍ ተጠቅሶ ከሚገኝባቸው እጅግ ጥንታውያን ቦታዎች አንዱ ይኸው ግጥም ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፊ «ይህ የዛሬ ጭብጨባ ነው፤ ነገ ማን ያስታውሰዋል» ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ቢሆን፣ ዛሬ የአያቶቻችንን አማርኛ በምን እናውቀው ነበር? እንግዲህ ከዕለቱ ጋራ ይሞታል የተባለው ግጥም ስድስት መቶ ዓመት ከኖረ፣ ነቃፊዎቻችን ዘመን አይወስነውም የሚሉት ግጥም ስንት ዓመት እንደሚኖር ቢነግሩን ደስ ይለናል።

ነቃፊዎቻችን አዘውትረው የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ታላቅነት ይጠቅሱልናል። እኛም ወደዚያው እንሄዳለን። የሰሬው መስፍን ሄንሪ ሃዋርድ በሕይወቱ ሳለ በማተሚያ የወጣለት ግጥም፣ ወዳጁ ሰር ቶማስ ዋያት በ1542 እ.ኤ.አ. በሞተ ጊዜ ያለቀሰለት የለቅሶ ግጥም ነው። ኤድመንድ ስፔንሰር በ1595 ያሳተመው ዝነኛ የሰርግ መዝሙር ለሌላ ሰው ሳይሆን ለገዛ ሰርጉ የገጠመው ነው። የጆን ሚልተን ሊሲዳስ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ግጥሞች ሁሉ እጅግ ከከበሩት አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ምንጩ ግን ለቅሶ ነው። ኤድዋርድ ኪንግ የተባለ የኮሌጅ ባልንጀራው በ1637 በአየርላንድ ባሕር ሰጥሞ በሞተ ጊዜ፣ የካምብሪጅ ሊቃውንት በላቲን፣ በግሪክና በእንግሊዝኛ ግጥም አለቀሱለት፤ በማግሥቱ ዓመት በ1638 አንድ መድበል አድርገው አሳተሙት፤ ሊሲዳስም ከዚያው ውስጥ አንዱ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ለሞተ ባልንጀራቸው በግዕዝና በአማርኛ ሲቀኙ ከዚህ በምን ይለያሉ? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እነዚያ ዓመት ሳይሞላ አሳተሙት፤ የእኛው ግን ከአርባው ተዝካር በኋላ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሚልተን በ1645 የራሱን ግጥሞች ሰብስቦ ሲያሳትም፣ በሊሲዳስ ራስ ላይ ግጥሙ ስለ ማን እንደ ተባለና ሟቹ በምን ዓመት እንዴት እንደ ሞተ በአጭሩ ጽፎ አስቀመጠ። እንግዲህ ያ ታላቅ ባለቅኔ የግጥሙን ዕለት አላፈረበትም፤ ለሚመጣው አንባቢ በር አድርጎ ከፈተው እንጂ።

ወደ ሁለተኛው ነቀፋ እንለፍ። ከሦስቱ ውስጥ እውነት ያለበት ይህኛው ነው። በሰው አገርም በእኛም አገር በዕለት ግጥም ስም ብዙ ሐሰት ተደርድሯል። ጆን ደን የተባለው ባለቅኔ በ1611 እና በ1612 እ.ኤ.አ. ሁለት ረጃጅም ግጥሞች ያሳተመው ኤልሳቤጥ ድሩሪ ስለምትባል በልጅነቷ ስለ ሞተች የባለጸጋ ልጅ ነው። ልጅቱን በዐይኑ አይቷት አያውቅም ነበር፤ አባቷ ግን ደጋፊው ሆኑለት። ውዳሴው ከልክ አለፈ ብሎ ባልንጀራው ቤን ጆንሰን ነቀፈው፤ ደንም ራሱ ወደ ማተሚያ በመውረዱ ተጸጽቶ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚያ ግጥሞች ዛሬም ይነበባሉ። ስለ ምን? በአንዲት ልጅ ሞት ምክንያት አድርጎ፣ አዲስ የሥነ ፍጥረት ዕውቀት የቀድሞውን የዓለም ሥርዐት ሲያናውጥ የዘመኑ ሰው የተሰማውን ፍርሃት ስለ ተናገረባቸው ነው። ስለዚህ ዕለቱ የግጥም በር ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም፤ በበሩ ገብቶ ወዴት እንደሚደርስ የሚወስነው የባለቅኔው ኃይል ነው።

ደግሞስ የዕለት ግጥም ሁሉ ውዳሴ ነው ያለ ማን ነው? በቅኔ ማኅሌት በሰሙ እያመሰገነ በወርቁ የሚገሥጽ ሊቅ በአገራችን ስንት ነበር! አዝማሪስ በጌታው ግብር ላይ ቆሞ፣ ሌላ ሰው በጆሮ እንኳ ሊያንሾካሹክ የማይደፍረውን ነገር በማሲንቆው አላሰማምን? ገዥ በአደባባይ ፊት ለፊት የሚወቀስበት መንገድ በጠበበበት ዘመን፣ የዕለት ግጥም ያን መንገድ ከፍቶ ኖሯል። ይህን ሁሉ ረስቶ «ውዳሴ ከንቱ» ብሎ በአንድ ቃል መጠቅለል፣ እንክርዳዱን አይቶ አዝመራውን በሙሉ ማቃጠል ነው።

እንክርዳዱን ግን እኛም አንደግፈውም። በየስብሰባውና በየምርቃቱ እየተነሣ የሚነበብ፣ የሰውየው ስምና የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ እየተለወጠ ከዓመት ዓመት የሚዞር ግጥም እንዳለ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ይህን የምንለይበት መፈተኛ ቀላል ነው። ከግጥሙ ላይ ስሙንና ቀኑን አውጥተን የሌላ ሰው ስምና ሌላ ቀን ብንተካበት፣ ግጥሙ ምንም ሳይጐድልበት ከቆመ፣ ያ የዕለት ግጥም አይደለም፤ የማንም ዕለት አይደለምና። እውነተኛው የዕለት ግጥም ግን ስሙ ሲነሣበት ይፈርሳል፤ የተሠራው ከዚያ ሰው ጠባይ፣ ከዚያ ቀን ነገር፣ ከዚያ አገር አፈር ነውና። ነቃፊዎቻችን ክፉውን የሚጠሉ ከሆነ በዚህ መፈተኛ ይፈትኑት፤ ወገኑን በሙሉ ግን አይኰንኑት።

ሦስተኛው ነቀፋ በሊቃውንቱ ዘንድ እንኳ ደጋፊ ያለው ስለ ሆነ በትዕግሥት እንመርምረው። ቅኔ የዕለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተባለ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ያፍራል። ይህ ሥርዐት የተቀደሰ ነው፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ድረስ ተማሪው በየቀኑ አዲስ እንዲፈጥር ያስገደደው እርሱ ነው። ነገር ግን አለመድገም ሌላ፣ አለማስቀመጥ ሌላ። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ የራሴ ነው ብሎ ማሰማት ስርቆት ነው፤ የትናንቱን ቅኔ በባለቤቱ ስም ጽፎ ማኖር ግን ስርቆትን የሚከላከል ምስክር ነው። ያልተጻፈ ቅኔ በቀላሉ ይሰረቃል፤ የተጻፈን ቅኔ የሚሰርቅ ግን ወዲያው ይታወቃል።

መጻፍ ድምፅን ይገድላል የሚሉትም ወደ ገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ይመልከቱ። ዜማ ከቅኔ ይልቅ የድምፅ ሀብት ነው። ሆኖም በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠርተው በድጓው ፊደል ላይ እንዲጻፍ አደረጉ። ዜማው በዚህ ሞተን? ይልቁንም በዚሁ በእኛ ደጋ በቤተ ልሔም የድጓው፣ በዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕቱ ትምህርት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ መምህሩና ምልክቱ ተጋግዘው አቆዩት። ጽሕፈት የመምህሩን አፍ አልዘጋም፤ መምህሩ ባረፈ ጊዜ ለደቀ መዝሙሩ መደገፊያ ሆነው እንጂ።

በእንግሊዝ አገርም ይኸው ክርክር ነበር። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በዌስትሚንስተር ማተሚያ ካቋመ በኋላ እንኳ፣ መኳንንቱ ግጥማቸውን ማሳተም ከክብራቸው በታች አድርገው ያዩት ነበር። ግጥሙ በእጅ ተጽፎ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይዞር ነበር። ዋያት በ1542 ሞተ፤ ሰሬ በ1547 አንገቱ ተቀላ፤ የሁለቱም አብዛኛው ግጥም የታተመው ሪቻርድ ቶተል የተባለ አታሚ በ1557 ባወጣው መድበል ነው። የደንም ግጥሞች ተሰብስበው የታተሙት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1633 ነው። እነዚህ ባለቅኔዎች የዳኑት ከሞታቸው በኋላ የሰው እጅ ስለ ደረሰላቸው ነው። ደግሞ ከቶተል አንድ ማስጠንቀቂያ እንማራለን፤ በመድበሉ ውስጥ ስንኞቹ ለዘመኑ ጆሮ እንዲለዝቡ ተብለው ተለዋውጠዋልና፣ የኋላ ሊቃውንት ትክክለኛውን ንባብ ከእጅ ጽሑፎች ሲፈልጉ ደከሙ። ሰብሳቢ አራሚ መሆን እንደማይገባው ከዚህ ይታወቃል።

የተራው ሕዝብ ግጥምስ? በለንደን ጐዳና ስለ ጦርነት፣ ስለ ግድያ፣ ስለ ንጉሥ ሰርግ የተገጠመ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እየታተመ በትንሽ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። በራሱም ላይ «በእገሌ ዜማ የሚዘፈን» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ዘፋኙ ዘፍኖት፣ ገዢው በግድግዳ ለጥፎት ካበቃ በኋላ የሚጣል ወረቀት ነበር። ሳሙኤል ፔፒስ የተባለ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም ግን አልጣለውም፤ ከ1,800 በላይ የሚሆን ሰብስቦ በመጽሐፍ አስጠረዘው፤ ዛሬም በካምብሪጅ በሞድሊን ኮሌጅ ይገኛል። አንባቢ ሆይ፣ ሰብሳቢው ባለቅኔ ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር እንዳልነበረ ልብ በል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።

በእኛም አገር ይህን ሥራ የጀመሩት አልጠፉም፤ ምስጋናቸውን አንነፍግም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. የልቅሶ ዜማ፣ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደምት ሊቃውንትን ቅኔ አሳትመዋል። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1948 ዓ.ም. የአማርኛ ቅኔን ከነመፍቻው አወጡ። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. ዝክረ ሊቃውንትን አበረከቱ። መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፈ ትዝታ ከሁሉ ይልቅ መንገዱን ያሳየናል፤ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል በመቅረጸ ድምፅ ተቀብሎ፣ ቅኔውን ከነተባለበት ምክንያት አስቀምጦልናልና። አንድ ልጅ ለአንድ አባት ያደረገው ይህን ያህል ካፈራ፣ ሁሉም ለየአባቱ ቢያደርግ ምን በተገኘ ነበር!

ሳይደረግ የቀረበትን ጉዳት ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ናቤጋ ተወላጅ ናቸው፤ የእኛው አገር ሰው ናቸው። የተክሌን አቋቋም ያስገኙ ታላቅ ሊቅ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸውና በቅኔአቸው ብቻ ነው። የተናገሩት በተናገሩበት ቀንና ቦታ ስላልተጻፈ፣ ማንም የፈጠረውን ቀልድ ሁሉ በእርሳቸው ስም ይለጥፋል። ዛሬ የእርሳቸው የሆነውን ካልሆነው መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሊቁ አልተረሱም፤ ነገር ግን በማያውቁት ቃል ተሸፈኑ፤ ይህም ከመረሳት የማይተናነስ ጥፋት ነው።

እንዲሁም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡትን አውሮፓውያን በስማቸው እናውቃቸዋለን፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ ያዩትን ጽፈዋልና። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ባረፉ ጊዜ ግን አገሩን ሁሉ ያስለቀሱትን ግጥሞች የገጠማቸው ማን ነው? ግጥሞቹን ልጅ አዋቂው በቃሉ ይላቸዋል፤ የገጣሚዎቹን ስም ግን የሚነግረን የለም። ብረት ያቀለጠው ስሙ ሲቀር፣ የሕዝብን ልብ ያቀለጠው ስሙ ጠፋ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

የዛሬው ሁኔታ ደግሞ ከቀድሞው የባሰበት ጐን አለው። በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ በወረቀት ተጽፎ ይነበባል፤ ወረቀቱም ከሰው ሰው እምብዛም አይለይም፤ ተወለደ፣ ተማረ፣ አገለገለ፣ አረፈ ይላል። ሙሾዋ ግን የሟቹን እርሻ፣ ጠባዩን፣ ቀልዱን፣ ለጐረቤት ያደረገውን እያነሣች የምታለቅስ ነበረች፤ እርስዋ በየከተማው ዝም እያለች ነው። በቡሄም የቤቱን ጌታ ጠባይ አይተው አዲስ ስንኝ ከሚፈጥሩት ልጆች ይልቅ፣ በየቤቱ አንድ ዐይነት የተቀረጸ ዘፈን የሚደግሙት እየበዙ ሄደዋል። በእጅ ስልክ የሚቀርጽ አይጠፋም፤ ነገር ግን ስልኩ ሲበላሽ ወይም ሲለወጥ የተቀረጸው አብሮ ይጠፋል፤ ቢቈይም ማን፣ መቼ፣ ስለ ማን እንዳለው የሚናገር ጽሕፈት የለበትም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የአንድ በዓል የውሎ አበል ዝርዝር ከነፊርማው ተጠብቆ ይገኛል፤ በዚያው በዓል የተነበበው ግጥም ግን አይገኝም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው የልጅ ልጅ ስለዚያ ቀን የሚማረው ከየትኛው ይሆን?

እንግዲህ ነቀፋውን ከመለስን ዘንድ የሚሠራውን እንናገር፤ ሥራው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የዕለት ግጥም በተባለበት ስፍራ ሁሉ አምስት ነገር ይጻፍ፤ የተባለበት ቀንና ዓመተ ምሕረት፣ የተባለበት ቦታ፣ የገጣሚው ስም፣ የተባለበት ምክንያት፣ አምስተኛም ንባቡ ራሱ እንደ ወረደ፣ ቅኔም ከሆነ ሰሙና ወርቁ ባለቤቱ እንደ ፈታው። ይህን በደብሩ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ በመንደሩ የእድር ጸሐፊ፣ በትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህር፣ በመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይያዝ። ሁሉም ብዕርና መዝገብ በእጃቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይታተም፤ ሲታተምም በራሱ ላይ ምክንያቱ አይቅር፤ ስንኙንም ማንም ለማሳመር ብሎ አይንካው። መጽሔቶችና ጋዜጦችም ዕለቱ የተቈረጠበትን ግጥም አንቀበልም ቢሉ፣ ገጣሚው ሁሉ ዕለቱን መጻፍ በቶሎ ይማራል።

ሰብሳቢው «ይህ ይጠቅማል፣ ይህ አይጠቅምም» እያለ እንዲመርጥ አንመክርም። መምረጥ የሚመጣው ትውልድ ሥራ ነው። የፔፒስ ወረቀት ከነገሥታት አዋጅ እኩል የታሪክ ምስክር ይሆናል ብሎ በዘመኑ የገመተ ጥቂት ነበር፤ የዐፄ ይስሐቅም ዘማሪ የአማርኛን ጥንታዊ መልክ ለእኛ እንደሚያቈይ አላሰበም። የእኛ ድርሻ ማቈየት ነው። ላልቈየ ነገር መራጭ አይመጣለትም።

የዕለትን ግጥም የሚንቅ፣ ዕለቱን ራሱን ይንቃል። የሕዝብ ታሪክ ግን ዕለት በዕለት ላይ ተደርቦ የተሠራ ነው። በዚህ ሳምንት በደብረ ታቦር ደጋ በአንዱ ደብር የሚወጣው መወድስ፣ በአንዱ ለቅሶ ቤት የምትወርደው ሙሾ፣ ተጽፋ ብትገኝ የነገው ሊቅ መነሻ ትሆናለች፤ ሳትጻፍ ብትቀር ግን እኛ አባቶቻችንን «ስለ ምን አልጻፋችሁልንም» ብለን እንደምንወቅሳቸው፣ ልጆቻችን እኛን ይወቅሱናል። በሁለቱ ወቀሳ መካከል አንድ ልዩነት ይኖራል፤ ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ወረቀት አልነበራቸውም፤ እኛ ግን አለን።